ጥላቻ በግቢ ውስጥ ሲያጋጥም፦ አቤቱታው ወዴት፣ ድጋፉስ ከማን?

የአንባብያን ጥያቄና መልስ

በዚህ ዕትም የምንመልሳቸው ሦስቱም ደብዳቤዎች በጎንደር ከሚማሩ፣ ወይም ልጆቻቸውን ወደ ጎንደር ከላኩ አንባብያን የደረሱን ናቸው። ጸሐፊዎቹ እንዳይታወቁ ስማቸውን፣ የመጡበትን አካባቢና የሚማሩበትን ተቋም አውጥተናል።

ጥያቄ፦ «የሁለተኛ ዓመት ተማሪ ነኝ። ተወልጄ ያደግኩት ከአማራ ክልል ውጭ ስለሆነ አማርኛ ስናገር አነጋገሬ ያስታውቃል። አምና በዚህ ምክንያት ሲሳቅብኝ ችዬ አሳለፍኩት። ዘንድሮ ግን የመኝታ ክፍላችን በር ላይ የብሔሬ ስም ከስድብ ጋር ተጽፎ አገኘሁ። በሳምንቱ ደግሞ ከመቶ በላይ ተማሪ ባለበት የዲፓርትመንታችን የቴሌግራም ግሩፕ ላይ አንድ ልጅ ፎቶዬን ለጥፎ፣ እኔን የመሰሉ ሁሉ ከዚህ ከተማ ተጠርገው መውጣት አለባቸው የሚል የድምፅ መልእክት ላከ። በዚያው ማታ ከማላውቀው ስልክ ‹በራስሽ ካልወጣሽ እናስወጣሻለን› የሚል ጽሑፍ ደረሰኝ። ለመኝታ ሕንፃችን ተቆጣጣሪ ለፕሮክተሯ ስነግራት ‹የልጆች ቀልድ ነው፤ እህትና ወንድም ናችሁ፤ ታረቁ› አለችኝ። ቤተሰቦቼ ከሰሙ ትምህርቴን አቋርጬ እንድመለስ ስለሚያደርጉኝ አልነገርኳቸውም። ፈተና ደርሷል፤ እንቅልፍ ግን የለኝም። ይህ ወንጀል ነው? ክስ ባቀርብስ እስከምመረቅ ድረስ አይከተለኝም?» ስሜ ይቆይ፣ ከጎንደር።

መልስ፦ ውድ እህታችን፣ አቤቱታ ማቅረብና ድጋፍ ማግኘት ሁለት የተለያዩ ጉዳዮች መሆናቸውን አስቀድመሽ እንድታውቂ እፈልጋለሁ። ክስ ለማቅረብ ገና ያልወሰነ ሰው የመኝታ ክፍል ለውጥ፣ የሥነ ልቦና ምክር፣ ሕክምናና የሕግ ምክር የማግኘት መብቱ አይቀነስበትም። ብዙ ተማሪዎች «መክሰስ አልፈልግም» በሚል ምክንያት ብቻ ከሁሉም ደጅ ርቀው ለብቻቸው ሲሰቃዩ የሚታየው ይህ ልዩነት ስለማይነገራቸው ነው።

ከሁሉ የሚቀድመው ደኅንነትሽ ነው። «እናስወጣሻለን» የሚለው መልእክት ከስድብ አልፎ ዛቻ ስለሆነ፣ ማን እንደላከው እስኪታወቅ ድረስ ማታ ከቤተ መጻሕፍት ወደ መኝታ ስትመለሺ ብቻሽን አትሁኚ፤ የተማሪዎች አገልግሎት ክፍልም የመኝታ ክፍል ለውጥ እንዲሰጥሽ ጠይቂ። ክፍል የምትቀይሪው አንቺ መሆንሽ ጥፋተኛ የሆንሽ ሊያስመስልብሽ እንደሚችል ይገባኛል፤ ነገር ግን ይህ ጊዜያዊ ጥበቃ እንጂ የጉዳዩ ውሳኔ አለመሆኑን በማመልከቻሽ ላይ ማስፈር ትችያለሽ። ዛቻው ከተደጋገመ ወይም አንድ ሰው በአካል ከተከተለሽ፣ የግቢውን ውሳኔ ሳትጠብቂ ግቢው ወደሚገኝበት ክፍለ ከተማ ፖሊስ ጣቢያ ሂጂ።

ወንጀል ነው ወይ ብለሽ ለጠየቅሽው፣ የደረሱብሽ ሦስት የተለያዩ ድርጊቶች ስለሆኑ መልሱም እንደየድርጊቱ ይለያያል። የቴሌግራሙ ጉዳይ በቀጥታ የሚመለከተው የጥላቻ ንግግርና የሐሰተኛ መረጃ ሥርጭትን ለመከላከልና ለመቆጣጠር የወጣውን አዋጅ ቁጥር 1185/2012 ነው። አዋጁ የጥላቻ ንግግር የሚለው ብሔርን፣ ሃይማኖትን፣ ዘርን፣ ጾታን ወይም አካል ጉዳተኝነትን መሠረት በማድረግ በአንድ ሰው ወይም በተለየ ማንነት ባለው ቡድን ላይ ሆን ብሎ ጥላቻን፣ መድልዎን ወይም ጥቃትን የሚያነሳሳ ንግግርን ነው። ይህን በብሮድካስት፣ በኅትመት ወይም በማኅበራዊ ሚዲያ ያሰራጨ ሰው እስከ ሁለት ዓመት በሚደርስ ቀላል እስራት ወይም እስከ 100,000 ብር በሚደርስ መቀጮ ይቀጣል፤ በንግግሩ ምክንያት ጥቃት ከተፈጸመ ደግሞ ቅጣቱ ከአንድ እስከ አምስት ዓመት እስራት ይሆናል። መቶ ሰው ባለበት ግሩፕ ላይ በፎቶሽ ታጅቦ የተለቀቀ «ተጠርገው ይውጡ» የሚል ድምፅ፣ እንደ እኔ አስተያየት፣ በቀልድ ስም የሚታለፍ አይደለም። በግል ስልክሽ የደረሰሽ ዛቻ ግን ለአንቺ ብቻ የተላከ በመሆኑ ሥርጭት ሊባል ስለማይችል፣ የሚታየው ከዚህ አዋጅ ይልቅ በኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ነው፤ የዚህ አዋጅ አንቀጽ 13 በኮምፒውተር አማካይነት ሰውን ማስፈራራትንና መዛትን በወንጀልነት ይዟል። በበሩ ላይ የተጻፈው ስድብ በመጀመሪያ ደረጃ የግቢው የዲሲፕሊን ጉዳይ ሲሆን፣ ጸሐፊው ከታወቀ በወንጀል ሕጉ መሠረት በግል አቤቱታ ሊያስጠይቅም ይችላል። በግል አቤቱታ ብቻ የሚያስከስሱ ወንጀሎች ግን ድርጊቱ ወይም አድራጊው ከታወቀበት ቀን ጀምሮ በሦስት ወር ውስጥ ካልቀረቡ ጊዜው እንደሚያልፍባቸው አትርሺ።

አሁን ወደ ማስረጃው ልሂድ፤ አብዛኛው አቤቱታ የሚወድቀው እዚህ ላይ ነውና። ቴሌግራም ላኪው መልእክቱን ከሁሉም ተቀባዮች ስልክ ላይ እንዲያጠፋ ስለሚፈቅድለት፣ ዛሬ ያየሽውን ነገ ላታገኚው ትችያለሽ። ስለዚህ የላኪው ስምና መለያ፣ የግሩፑ ስም፣ ቀኑና ሰዓቱ በአንድነት በሚታዩበት ሁኔታ ስክሪንሾት አንሺ፤ የድምፅ መልእክቱን ራሱን በፋይል መልክ አስቀምጪ፤ ዛቻው የመጣበትን ስልክም ከመዝጋትሽ በፊት ቁጥሩን መዝግቢ። ኢንተርኔት በአካባቢያችን ለወራት ተቋርጦ የቆየበትን ጊዜ የምናስታውስ ሰዎች፣ ፋይሉ ስልክሽ ላይ እንጂ በድረ ገጽ ላይ ብቻ እንዳይቀመጥ እንመክራለን። በበሩ ላይ ያለውን ጽሑፍም ቀለም ሳይቀባበት ፎቶ አንሺውና ቢያንስ አንዲት የክፍል ጓደኛሽ እንዳየችው በጽሑፍ ትመስክር። ሰዓትን በተመለከተ ትንሽ የሚመስል ነገር ግን ብዙ ጊዜ ችግር የሚፈጥር ጉዳይ አለ፤ የስልክሽ ስክሪንሾት 11፡00 እያለ አንቺ በቃልሽ «ከምሽቱ 5 ሰዓት» ካልሽ፣ ጉዳዩን የሚያየው ሰው ቃልሽና ማስረጃሽ የተጋጩ ሊመስለው ስለሚችል ሁለቱንም አጻጻፍ ጎን ለጎን አስፍሪ። ማስረጃውን ለማሳተም ፒያሳ ወዳለ ጽሕፈት ቤት ብትሄጂ ደግሞ ፋይሉ በኮምፒውተራቸው ላይ እንዳይቀር አስጠፊው።

ለፕሮክተሯ በቃል ተናግረሻል፤ በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል እንደሚባለው፣ ከአሁን በኋላ ነገሩ በማመልከቻ ይሁን። ማመልከቻውን ለተማሪዎች ዲን አድርጊው፤ ግልባጩንም ለሥርዓተ ፆታ ክፍሉና ለተማሪዎች ኅብረት ላኪ። ሁለት ቅጂ ይዘሽ ወደ መዝገብ ቤት ሂጂና አንዱን ገቢ አስደርገሽ፣ በእጅሽ በሚቀረው ላይ የገቢ ቁጥሩና ቀኑ እንዲጻፍበት ጠይቂ። ይህ ቁጥር በኋላ «አልደረሰንም» የሚል መልስ ቢመጣ የምታሳዪው ነው። ጽሑፉ አጭር ይሁን፤ ምን ተደረገ፣ መቼና የት፣ ማን አደረገው፣ ማን አየ፣ ምን እንዲደረግልሽ ትፈልጊያለሽ የሚሉትን ከመለሰ ይበቃል። በተለይ የምለምንሽ «የእነ እገሌ ልጆች እንዲህ አደረጉኝ» ብለሽ እንዳትጽፊ ነው፤ የከሰስሽው ድምፁን የላከውን ግለሰብ እንጂ የመጣበትን ሕዝብ አይደለም፤ በጅምላ የተጻፈ ማመልከቻ ደግሞ ሚዛናዊውን አንባቢ እንኳ ያሸሻል።

ፕሮክተሯ ስላነሳችው ዕርቅ ጥቂት ልቆይ። ጎንደር ሽማግሌ የሚከበርበት ከተማ ነው፤ ብዙ የተማሪ ጠብም በሃይማኖት አባቶችና በሽማግሌዎች ፊት በርዷል፤ ስለዚህ ዕርቅን በጭፍን አልቃወምም። ነገር ግን የተበደለው ሰው ገና ቃሉ ሳይመዘገብ፣ አድራጊውም ሳይጠየቅ «ታረቁ» ሲባል፣ የሚታረቀው ጉዳዩን የመያዝ ግዴታ ያለበት ኃላፊና ድካሙ እንጂ ተበዳይና በዳይ አይደሉም። ማመልከቻሽ ገቢ ከሆነ በኋላ ዕርቅ ቢቀርብልሽና ፈቃደኛ ከሆንሽ፣ ልጁ ያደረገውን እንዲያምን፣ ይቅርታውን ስድቡ በተለቀቀበት በዚያው ግሩፕ ላይ እንዲጠይቅ፣ ስምምነቱም በዲኑ ቢሮ በጽሑፍ ተፈርሞ እንዲቀመጥ ጠይቂ። ዛቻውን ግን ከዚህ አውጪው፤ ማንነቱ ካልታወቀ ሰው ጋር ዕርቅ የለም፤ ቢታወቅም ከዛተብሽ ሰው ጋር በአንድ ክፍል እንድትቀመጪ የሚያስገድድሽ አይኑር። ሽምግልናው «ዛሬ ነገ» እየተባለ ሲጓተት ከላይ የጠቀስኩት ሦስት ወር ሊያልቅ እንደሚችልም አስቢ።

ግቢው በቂ ጊዜ ተሰጥቶት መልስ ካልሰጠ፣ ወይም በደሉን የፈጸመው ሠራተኛ ወይም መምህር ከሆነ፣ የሚቀጥለው የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን ነው፤ በባሕር ዳር ቅርንጫፍ አለው። ኮሚሽኑ አቤቱታን በጽሑፍም በቃልም ያለ ክፍያ ይቀበላል፤ ተበዳዩ ራሱ መቅረብ ካልቻለም የቤተሰብ አባል ወይም ሌላ ሰው ሊያቀርብለት ይችላል። መጓተቱ የአስተዳደር በደል ከሆነ ደግሞ የሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም አለ። የትኛው ደጅ ለአንቺ እንደሚስማማ ለመወሰን ወይም ማመልከቻውን ለማርቀቅ የሕግ ባለሙያ ከፈለግሽ፣ የጎንደር ዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤት ጠበቃ ለመግዛት አቅም ለሌላቸው ሰዎች ነፃ የሕግ ድጋፍ ይሰጣል።

ስለ እንቅልፍሽ ስትጽፊ በአንድ ዓረፍተ ነገር አልፈሽዋል፤ እኔ ግን አላልፈውም። ለሳምንታት እንቅልፍ ማጣት፣ ድንገተኛ ድምፅ ሲሰሙ መደንገጥ፣ ሰው ካለበት መሸሽና ማንበብ አለመቻል ከእንዲህ ያለ ጥቃት በኋላ የሚታዩ ናቸው፤ የድክመት ምልክቶችም አይደሉም። የግቢሽን የሥነ ልቦና አማካሪ አነጋግሪ፤ ካልቀለለሽ በጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ክፍል አለ፤ ለሐኪም የምትነግሪው ምስጢር ነው። ፈተና ለመፈተን የማያስችልሽ ሁኔታ ላይ ከደረስሽ፣ የሐኪም ማስረጃ ይዘሽ ከፈተናው ቀን በፊት ለዲፓርትመንትሽ አመልክቺ፤ ፈተናው ካለፈ በኋላ የሚቀርብ ምክንያት የሚሰማው በጭንቅ ነው። በግቢ ጉባኤ፣ በጀመዓ ወይም በፌሎሺፕ ውስጥ ያሉ ጓደኞችም ትልቅ መጽናኛ ይሆናሉ፤ ሆኖም ለአንቺ ተቆርቋሪ ሆነው ነገሩን የቡድን ጠብ እንዳያደርጉት አስቀድመሽ ንገሪያቸው። በከተማችን ነዋሪዎች ከሩቅ የመጡ ተማሪዎችን እንደ ልጆቻቸው የሚቀበሉበት፣ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ የጀመረው የቃል ኪዳን ቤተሰብ የሚባል ፕሮግራም አለ፤ አንቺም በተቋምሽ በኩል ወይም በጓደኛ አማካይነት እንዲህ ያለ አንድ ቤት ብታገኚ፣ እሑድ ቡና የሚጠጣበት ቤት ማግኘት ከብዙ ምክር ይሻላል። ለቤተሰብሽ ደግሞ ለሁሉም ባይሆን እንኳ ለአንድ ረጋ ላለ አጎት ወይም ለአክስትሽ ንገሪ፤ ወላጆችሽ ከሌላ ሰው አፍ ቢሰሙት የምትፈሪው ነገር በባሰ መልኩ ይመጣል።

ይከተለኝ ይሆን ላልሽው፣ በምረቃ ማስረጃሽ ላይ የሚጻፍ አንዳች ነገር የለም። በግቢ ውስጥ ግን ለጊዜው ወሬ መኖሩ አይቀርም፤ የለም ብል አታምኝኝም። ስምሽ ጉዳዩን ከሚያየው የግቢው የዲሲፕሊን ኮሚቴ ውጭ እንዳይወጣ በማመልከቻው ላይ በግልጽ ጠይቂ፤ አቤቱታ በማቅረብሽ ምክንያት የሚደርስብሽ እያንዳንዱ ነገር፣ የውጤት መቀነስም ቢሆን፣ ራሱን የቻለ አዲስ አቤቱታ ስለሚሆን ቀኑን እየጻፍሽ አስቀምጪ።

ጥያቄ፦ «የክፍላችን የቴሌግራም ግሩፕ አስተዳዳሪ ነኝ። አንድ ልጅ የአንድ ሃይማኖት ተከታይ ተማሪዎች ከግቢው ካፌ እንዲባረሩ የሚቀሰቅስ ምስል ለቀቀ። እኔ በመጀመሪያ የሳቅ ምልክት አድርጌበት ነበር፤ ነገሩ ሲከር ግን ትናንት ማታ አጠፋሁት። አሁን ጉዳዩ ዲን ቢሮ ደርሷል። እጠየቃለሁ? ምስክር ሁን ብባልስ?» የሦስተኛ ዓመት ተማሪ።

መልስ፦ አዋጅ ቁጥር 1185/2012 «ማሰራጨት» የሚለው ንግግሩን ለብዙ ሰዎች ማዳረስን ሲሆን፣ በማኅበራዊ ሚዲያ ላይ ላይክ ማድረግንና ታግ ማድረግን ከትርጉሙ አውጥቷቸዋል፤ ስለዚህ በአዋጁ በኩል በሳቅ ምልክትህ ብቻ አትጨነቅ። ምስሉን «ጉድ እዩ» ብለህም ቢሆን ወደ ሌላ ግሩፕ አስተላልፈህ ከሆነ ግን ነገሩ ይለያል። የጥላቻ ንግግርን በ24 ሰዓት ውስጥ እንዲያነሱ አዋጁ የሚያዝዘው ማኅበራዊ ሚዲያ የሚያንቀሳቅሱ ድርጅቶችን ነው፤ ይህ ማለት ግን አስተዳዳሪ ተብለህ መቀመጥህ ከንቱ ነው ማለት አይደለም፤ ልጁን ከግሩፑ የማስወጣት ሥልጣኑም ኃላፊነቱም ያንተ ነው።

ያጠፋኸውን ምስል በተመለከተ አሁኑኑ አንድ ነገር አድርግ። በቴሌግራም የግሩፕ አስተዳዳሪዎች ባለፉት 48 ሰዓታት የተደረጉ ለውጦችን፣ የጠፉ መልእክቶችንም ጭምር፣ የሚያዩበት መዝገብ አለ፤ ጊዜው ሳያልፍ ገብተህ ከነላኪው ስም ቅዳው። ካለፈም የአባላቱ ስልክ ይቀራል። ለምስክርነት ከተጠራህ ያየኸውን ብቻ፣ በራስህ ቃል፣ ፈርመህ ስጥ፤ የሳቅህንም አትደብቅ፤ ከሌላ ሰው ስልክ ሲወጣ ቀሪውን ቃልህን ሁሉ ያበላሽብሃል። የወንጀል ምስክሮችና ጠቋሚዎች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 699/2003 የወጣው ለከባድ ወንጀሎች ስለሆነ በእሱ አትታመን፤ ይልቅስ ቃልህ በዝግ እንዲሰማ ኮሚቴውን ጠይቅ። የተሰደቡትን የክፍልህን ልጆች በአካል ሄደህ ይቅርታ ብትጠይቃቸው ደግሞ የሚከለክልህ የለም።

ጥያቄ፦ «ልጄ ዓይነ ስውር ነው፤ በጎንደር የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ነው። በትሩን ይደብቁበታል፤ አካሄዱን አስመስለው ቪዲዮ ሠርተው ለቀዋል። እሱ ‹ተይው እማዬ› ይለኛል። እኔ ግን ሄጄ ልክሰስ ወይስ ላውጣው?» አንዲት እናት።

መልስ፦ ወይዘሮ፣ ልጅዎን ከትምህርቱ ማውጣት በዳዮቹ የፈለጉትን መስጠት ስለሚሆን የመጨረሻው እንጂ የመጀመሪያው እርምጃ ባይሆን እመርጣለሁ። አካል ጉዳተኝነት ከላይ በጠቀስነው አዋጅ በግልጽ ከተጠበቁት ማንነቶች አንዱ ነው፤ ሆኖም እያንዳንዱ ማላገጥ አዋጁ የሚለውን ጥላቻን የማነሳሳት ደረጃ ስለማይደርስ፣ ቪዲዮው በመጀመሪያ እንደ ዲሲፕሊን ጥፋት ቢቀርብ መንገዱ ያጥራል። የበትሩን መደበቅ ግን ከቪዲዮው አሳንሰው አይዩት፤ ዓይነ ስውር ተማሪን በማያውቀው ግቢ ውስጥ በትሩን መንሳት ለጉዳት ማጋለጥ ነውና በማመልከቻው ላይ ቀድሞ መቀመጥ ያለበት እሱ ነው። ማመልከቻው ለተማሪዎች ዲንና ለልዩ ፍላጎት ክፍሉ ይቅረብ።

ልጅዎ 18 ዓመት የሞላው ከሆነ ግን ውሳኔው የእሱ ስለሆነ፣ ሳይነግሩት ወደ ግቢው አይሂዱ፤ «ተይው» ያለው ፈርቶ ይሁን ወይም እናቴ መጥታ ብትጮህ ይብስብኛል ብሎ ይሁን በርጋታ ይጠይቁት። ከተስማማ ማመልከቻውን እሱ ራሱ በስልኩ በድምፅ ቀድቶ እርስዎ ወይም የሚያምነው ጓደኛ ሊጽፍለት ይችላል፤ ግቢው ካልሰማም ለሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን በቃሉ ማስረዳት ስለሚችል፣ የጽሑፍ ነገር ሊያግደው አይገባም።